ወንድሜ ሲታሰር ሥራው እንዳይጠፋ ያደረግነው

ሰው ሲታሰር ቤተሰብ መጀመሪያ የሚሮጠው ለስንቅ ነው። ቀጥሎ ዋስና ጠበቃ ፍለጋ። መሥሪያ ቤቱ ብዙ ጊዜ ትዝ የሚለው መጨረሻ ላይ ነው፤ ያኔ ደግሞ የስንብት ደብዳቤው ተጽፎ ሊሆን ይችላል።

ታናሽ ወንድሜ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል። እኔ የምኖረው ደሴ ነው። ሚስቱ ገና የሚጠባ ልጅ ይዛለች፤ ስለዚህ ወረቀት የማሳደዱ ነገር እኔ ላይ ወደቀ። "ምን አድርጎ ነው?" ለምትሉ፣ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ስለሆነ እሱን አላነሳም። ለቅሶ ቤት እንኳ ሳይቀር ስንጠየቅ የከረምነው እሱን ነው። "ደመወዙስ? ሥራውስ?" ያለን አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ሰፈራችን ያሉ፣ ዕድሜያቸውን በአስተዳደር ሥራ የፈጁ ጎረቤት። "ደብዳቤ አስገብታችኋል?" አሉኝ። አላስገባንም ነበር። መግባት እንዳለበትም የሚያውቅ አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 18 ላይ እስራት ተጠቅሷል። ሠራተኛው ከ30 ቀን ለማይበልጥ ጊዜ ከታሰረና አሠሪው ይህን በ10 ቀን ውስጥ እንዲያውቅ ከተደረገ፣ ወይም ማወቅ የሚገባው ከሆነ፣ የሥራ ውሉ ይታገዳል እንጂ አይቋረጥም። ታገደ ማለት እሱ አይሠራም፣ እነሱም አይከፍሉም፣ የሥራ መደቡ ግን ይጠብቀዋል። ተፈርዶበት በዚያው ምክንያት ከ30 ቀን በላይ ከሥራ ከቀረ ግን በአንቀጽ 27 መሠረት ያለማስጠንቀቂያ ሊሰናበት ይችላል። ይሄ የድርጅት ሠራተኛን ነው የሚመለከተው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ የሚተዳደረው በሌላ ሕግ ነው።

30 ቀን ብዙ ይመስላል። ቁጭ ብላችሁ ስታሰሉት ግን ምንም አይደለም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት ፖሊስ የያዘውን ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ማቅረብ አለበት። ከዚያ "ምርመራዬን አልጨረስኩም" ካለ ጊዜ ቀጠሮ ይጠይቃል። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንዱ ቀጠሮ ከ14 ቀን መብለጥ የለበትም። ሁለት ጊዜ ከተፈቀደለት 28 ቀን ሆነ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሲጨመሩበት 30 ሞላ፤ ክስ እንኳ ሳይከፈት። አሥሩ ቀን ደግሞ ቤተሰብ ገና በድንጋጤ እያለ ነው የሚያልቀው።

ፋብሪካው በር ላይ ስደርስ የጥበቃው ሰው አዝኖልኝ ወደ ሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል ሰደደኝ። እዚያ ያለው ሠራተኛ ጨዋ ነው፤ አልዋሽም። "ሰምተናል፣ እግዜር ያስፈታው" አለኝ። ሊሸኘኝ ተነሳ። እኔ ግን የጎረቤታችን ምክር ጆሮዬ ላይ ነበር፦ ሰምተናል ያለሽ ሰው ነገ ይቀየራል፣ ወረቀት ግን አይቀየርም። ማስረጃ ጠየቀኝ። ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። "እህቴ፣ እኛ ለግለሰብ አንጽፍም፣ መሥሪያ ቤቱ ይጠይቀን" አሉኝ። ተመልሼ ለሰው ኃይሉ ስነግረው፣ "መታሰሩን በወረቀት ሳላውቅ ምን ብዬ ልጠይቅ?" አለ። በቃ፣ ዞሮ ዞሮ እዚያው!

መውጫው የተገኘው ከፍርድ ቤት ነው። ጊዜ ቀጠሮ ሲፈቀድ ዳኛው ትዕዛዝ ይሰጣል፤ መዝገብ ቁጥር አለው። የትዕዛዙን ግልባጭ ከሬጅስትራር አስገለበጥን። እሱን አባሪ አድርጌ ግማሽ ገጽ የማይሞላ ማመልከቻ ጻፍኩ። ስሙን፣ የሥራ መደቡን፣ የተያዘበትን ቀን፣ የመዝገብ ቁጥሩን፣ ከዚያ "በአንቀጽ 18 መሠረት እንዲታወቅልን" የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር። ልመናም ለቅሶም አልጨመርኩበትም። በሁለት ቅጂ አድርጌ መዝገብ ቤት አስገባሁ። አንዱን አስቀሩ፣ ሁለተኛው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን ጽፈው ማኅተም መቱበት። ያቺን ቅጂ እንደ ልደት ካርድ በፕላስቲክ አድርጌ ነው የያዝኳት።

ሌላው ራስ ምታት ከመያዙ በፊት የሠራበት ደመወዝ ነበር። ያ የላቡ ዋጋ ነው፣ ማንም አይወስድበትም። ባንክ ገብቷል፤ የኤቲኤም ካርዱ ግን ሲያዝ ኪሱ ውስጥ ስለነበር ጣቢያው ንብረት ክፍል ተመዝግቦ ተቀምጧል። ሚስቱ ሦስት ጊዜ ደጋግማ "እትዬ፣ ለወተት እንኳ የለኝም" ስትለኝ ነው ነገሩ የገባኝ። በጉብኝት ሰዓት ወንድሜ ራሱ ካርዱን ከተረኛው ጠየቀ፣ ፈርሞ ለሚስቱ አስረከበ። የባንክ ካርድ ባይኖረው ኖሮ ውክልና መስጠት ነበረበት፤ እስር ላይ ላለ ሰው ውክልና ማሠራት ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ሕጉ ግን ደመወዝን ሠራተኛው ለወከለው ሰው መክፈልን ይፈቅዳል።

ስንቅ ይዘን ተራ ስንጠብቅ አንዲት የደሴ ሴት አግኝቼ ነበር። ባሏ የከተማ ሴፍቲኔት ተመዝጋቢ ነው፤ ችግረኛ ቤተሰብ እንደ ጽዳት ያለ የአካባቢ ሥራ እየሠራ የሚከፈልበት ፕሮግራም ነው። ደሴ ፕሮግራሙ መጀመሪያ ከተጀመረባቸው 11 ከተሞች አንዷ ናት። እሱ ሲታሰር ስማቸው የሚሰረዝ መስሏት ቀበሌ ድረስ ሄዳ ለምና ነበር። የታቀፈው ቤተሰቡ እንጂ እሱ ብቻ ስላልሆነ መጥረጊያውን ራሷ አነሳች። "ጠዋት ቦይ እጠርጋለሁ፣ ከዚያ ስንቅ ይዤ እመጣለሁ" አለችኝ፤ አንጸባራቂ ሰደርያዋን ገና አላወለቀችም። የእኛው ግን እንደዚያ አይደለም። የወንድሜን ማሽን እኔ ሄጄ አልሠራለትም።

ስለ ጡረታም ተጨንቀን ነበር። ከደመወዙ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ ድርጅቱ 11 በመቶ ይጨምራል። እስከዚያ የተቆረጠው በመታሰሩ ብቻ አይጠፋም፤ ደመወዝ በሌለበት ወር ግን መዋጮም የለም። የወር ጡረታ ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ስለሚጠይቅ፣ ጥቂት ዓመት ለቀረው ሰው አንዷም ወር ዋጋ አላት። እሱ ገና ወጣት ነው፣ ይደርስበታል።

ሠላሳው ቀን ሳይሞላ ወንድሜ በዋስ ወጣ። ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት ወጥተን እናታችንን ሳም አድርጎ እንዲያድር ሁሉም ፈልጎ ነበር። እኔ እምቢ አልኩ። እገዳው ሲያበቃ በማግሥቱ ባለው የሥራ ቀን መገኘት እንዳለበት አዋጁ ይላል፤ ያን ሁሉ ወረቀት ለአንድ ቀን ደስታ አላቃጥልም። ሌሊቱን ኮምቦልቻ አድሮ ጠዋት የዋስትና ትዕዛዙን ግልባጭ ይዞ ገባ። አዲስ አለቃ ተሹሞ ጠበቀው፤ ስለ ወንድሜ የሚያውቀው ነገር የለም። "ያለፈቃድ የቀረ" ተብሎ ለመሰናበት ስሙ ተዘጋጅቶ ነበር። ማኅተም ያረፈባትን የማመልከቻዬን ቅጂ አውጥቶ ሰጠው። ቁጥሯን መዝገቡ ላይ ፈልገው አገኟት፤ ከሰዓት ማሽኑ ላይ ነበር።

የታሰረባቸው ቀናት ደመወዝ አልተከፈለውም። የሠራተኛ ማኅበሩ ሰው የኅብረት ስምምነቱን አገላብጦ አየልን፤ አንዳንድ ድርጅት ለእንዲህ ያለው ጊዜ የሚከፍልበት ስምምነት ሊኖረው ይችላል። የእነሱ ላይ ግን የለም። በሚቀጥለው ድርድር እናነሳዋለን ብሏል።