እስክንድር 30 ተርን ፈቀደልኝ፣ ከዚያ ጦሬን ለሁለት ከፈለው

ይህን የምጽፈው ሲቪላይዜሽን 5 የሚባለውን፣ አንድ አገር ይዘህ በየተራ የምትጫወተውን የኮምፒውተር ጌም ለሚጫወቱ ሰዎች ነው፤ በተለይ ኢትዮጵያን ይዘው ለሚጫወቱ። ጌሙ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ነው። ኢትዮጵያ የገባችው በ2012 ጎድስ ኤንድ ኪንግስ በሚባለው ማስፋፊያ ነው። አርጅቷል ትሉ ይሆናል። እኔ ግን ሐረር ቁጭ ብዬ የምጫወትበት ላፕቶፕ ከድሬ ዳዋ በሰከንድ ሃንድ የተገዛ ነው፤ ከዚህ የከበደ ጌም ከጫንኩበት እንደ ምድጃ ይግላል። ስለዚህ ዛሬም እሱው ላይ ነኝ።

ስለ ጦርነቱ የሚመክር ሰው ሞልቷል። የትኛውን ከተማ መጀመሪያ ልምታ፣ የትኛውን ቴክኖሎጂ ላስቀድም፣ ሁሉም ያውቃል። ስለ ድንበር ግን ቀድሞ ያስጠነቀቀኝ የለም።

ቀላሉን ቶሎ ልለፈው። ጽሕፈት የሚባለውን ቴክኖሎጂ እንደጨረስክ ካገኘኸው ሁሉ ጋር ኤምባሲ ተለዋወጥ። ኤምባሲ ከሌለ የድንበር ፈቃድ ውል አይከፈትም። ሲቪል ሰርቪስ የሚባለው ቴክኖሎጂ ላይ ስትደርስ የድንበር ፈቃድ ይመጣል፤ ኦፕን ቦርደርስ የሚሉት። በመደበኛው ፍጥነት 30 ተርን (የጨዋታ ተራ) ይቆያል። ያለ ፈቃድ ወታደርህን የሰው መሬት ላይ ልታስገባ ከሞከርክ ጌሙ "ይህ ጦርነት ማወጅ ነው፣ እርግጠኛ ነህ?" ብሎ ይጠይቅሃል። እስከዚህ ድረስ ማንም አይሳሳትም።

አሁን ወደ እስክንድር።

ጎረቤቴ በምሥራቅ በኩል እሱ ነበር፤ ኮምፒውተሩ የሚጫወትለት የግሪኩ ንጉሥ። ከእሱ ማዶ ሲንጋፖር አለች፤ የእኔ ወዳጅ የሆነች ከተማ-መንግሥት። የኦቶማኑ ሱሌይማን ከእኔ ጋር ጦርነት ላይ ነው፤ ሲንጋፖርንም ከቧታል። መድፎች አሉኝ፣ መሐል ሰፋሪዎች (የኢትዮጵያ ብቻ የሆኑ ጠመንጃ ያዥ እግረኞች) አሉኝ። መንገዱ አንድ ብቻ ነው፤ በግሪክ መሃል። እስክንድር ስሙ ሥር "ወዳጃዊ" የሚል ተጽፎበታል። ፈቃድ ለፈቃድ ተለዋወጥን። ምንም አላንገራገረም። አለማንገራገሩ ራሱ ሊያሳስበኝ ይገባ ነበር።

በዚህ ጌም አንድ ታይል (የካርታው አንድ ቤት) ላይ ከአንድ በላይ ተዋጊ መቆም አይችልም። የሌላ አገር ወታደር ከቆመበትም ማለፍ እንጂ ማረፍ የለም። በሁለት ተራራ መካከል አንድ ታይል የምታህል በር ነበረች። ከበሯ ጀምሮ እስከ ማዶ ደግሞ የእስክንድር ጦረኞች ተሰልፈው ምሽግ ይዘዋል። ተርን እጨርሳለሁ፣ አይነቃነቁም። እንደገና እጨርሳለሁ፣ እዚያው ናቸው። ፈረስ መጋላ አካባቢ ሞባይል የሚጠግን ጓደኛዬ ከጀርባዬ ሆጃውን እየጠጣ "አቦ፣ ሻይ በላቸዋ!" ይለኛል። ቢቻልማ እሰጣቸው ነበር። የሰው ወታደር ዞር በል የምትልበት ቁልፍ ጌሙ ላይ የለም። ወዳጅህ የምትለው ንጉሥ በርህ ላይ ሰው አቁሞ ይስቅብሃል፣ አንተ ደግሞ ጊዜህ ይቆጠራል።

በመጨረሻ ተነሱ። መሐል ሰፋሪዎቹ ቀደሙ፤ ሁሉም የሚመክረው እንደዚያ ስለሆነ። እግረኛ ከፊት፣ መድፍ ከኋላ። መድፉ ኮረብታ ላይ ሲወጣ ያለችውን እርምጃ ሁሉ ይጨርሳል። እግረኞቹ የግሪክን ምሥራቃዊ ጫፍ ሊረግጡ ሲሉ መድፎቹ ገና ከበሯ ወዲህ ነበሩ።

ውሉ አለቀ።

ማስጠንቀቂያ የሚባለው በስክሪኑ ጠርዝ ላይ ያለች አንዲት ትንሽ ምልክት ናት። ከእሷ ጋር ደርዘን ሌላ ምልክት ተደርድሯል፤ ሠራተኛ ሥራ ፈታ፣ ከተማ አደገ፣ ሰላይ ተገደለ። ውሉ ሲያልቅ ጌሙ ጦርህን "ውጡ" አይልም። አንስቶ ያወጣቸዋል፤ እያንዳንዱን በአቅራቢያው ወዳለ ከድንበር ውጭ ወደሆነ ቦታ። ለመሐል ሰፋሪዎቹ ቅርቡ ምሥራቅ ነው። ለመድፎቹ ቅርቡ ምዕራብ ነው። በአንድ ቅጽበት ጦሬ ለሁለት ተከፈለ፤ መሃሉ ላይ አንድ ሙሉ ግሪክ። መሐል ሰፋሪ ደግሞ ጉልበቱ ዋና ከተማው አጠገብ ነው። ከዋና ከተማው በራቀ ቁጥር ተጨማሪ ኃይሉ እየቀነሰ ይሄዳል። ያን ያህል ርቆ፣ ያለ መድፍ፣ ተራ ጠመንጃ ያዥ ነው።

ፈቃዱን ላሳድስ አልኩ። እስክንድር እምቢ አለ። ወርቅ ጨመርኩ፤ እምቢ። ቀድመህ ለምን አላደስክም እንዳትሉኝ። ውሉ በሥራ ላይ እያለ አዲስ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ አይቻልም። ማለቁን መጠበቅ አለብህ፤ ሲያልቅ ደግሞ ወታደሮችህ ተጥለዋል። ይህን የነደፈ ሰው ድንበር ተሻግሮ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ጉዱ ገና ነው። ትንሽ ቆይቶ እስክንድር በፈረሱ ላይ ሆኖ ብቅ አለ። ጦርህን ድንበሬ አጠገብ አከማችተሃል፣ ምን አስበሃል አለኝ። አየህ፣ እዚያ ያስቀመጣቸው እሱ ነው! የእሱ ድንበር ነው የገፈተራቸው! የተሰጠኝ መልስ ሁለት ብቻ። ወይ "በመንገዳችን ላይ ነን፣ እናልፋለን" ወይ "አዎ፣ ልወጋህ ነው"። "አንተው ነህ እዚህ የጣልካቸው" የሚል ሦስተኛ መልስ የለም። ይህን እያሰብኩ እስካሁን ድረስ ይቆጨኛል።

"እናልፋለን" የምትለዋ የጨዋ መልስ ትመስላለች። እሷ ናት ወጥመዷ። ጌሙ ያንን እንደ ቃል ኪዳን ይመዘግበዋል። ከዚያ በኋላ በቶሎ ጦርነት ብታውጅ ቃልህን እንደበላህ ይቆጠራል፤ ያወቀውም ያላወቀውም ይቀየምሃል። እኔ "እናልፋለን" አልኩ። መድፎቼን ለማገናኘት ግን ያለ ግሪክ መሬት መንገድ የለም፤ ሲንጋፖር ደግሞ እየነደደች ነው። ስለዚህ አወጅኩ።

የመሪዎቹን ስም እየነካሁ ምን እንደሚያስቡ ሳይ ሁሉም ላይ ቀይ ጽሑፍ። አንድም ቀን ክፉ ያልተናገርኩት ጋንዲ እንኳ ቃል አፍራሽ አድርጎ መዝግቦኛል። ከዚያ በኋላ ማውገዙ ተከታተለ፤ አንዱ ሲያወግዝ ሌላው ይቀበለዋል። የሚነግደኝ ጠፋ። ሲንጋፖርን ሱሌይማን ወሰዳት። እኔ ደግሞ አቴናን ወሰድኩ። የኢትዮጵያ ጦር ከራሱ የበለጠ ከተማ ካለው ጋር ሲዋጋ 20 በመቶ ተጨማሪ ኃይል አለው፤ የአድዋ መንፈስ ይሉታል። እስክንድር ከእኔ የበለጠ ከተማ ነበረው። ስገባበት ደስ አላለኝም ብል ውሸት ነው።

ስለዚህ ምክሬ ይኸው፤ የፈለገ ይቃወመኝ።

ከባዱን አስቀድም። መድፍ ከፊት፣ እግረኛ ከኋላ። ወታደራዊ ደንቡ ሌላ እንደሚል አውቃለሁ። ግን በወዳጅ አገር ስታልፍ የሚመታህ የለም፤ ጠላትህ ቀኑ ነው። የዲፕሎማሲው መስኮት ውስጥ የውሎች ዝርዝር አለ፤ ስንት ተርን እንደቀረ ይጽፋል። እሱን ሳታይ ተርን አትጨርስ። ጉዞው ከ30ው ግማሽ በላይ የሚፈጅ ከሆነ አትነሳ። ባሕር ካለ በባሕር ዙር፤ ግን ድንበር ውኃ ላይም ይዘረጋል፣ ከባሕር ዳር ራቅ በል።

"ወዳጃዊ" የሚለውን ጽሑፍ አትመነው። ኮምፒውተሩ የማስመሰል ባሕርይ አለው፤ በልቡ ሊወጋህ ወስኖ ፊቱ ላይ ወዳጅ ሊመስል ይችላል። የመሪዎቹ ጠባይ በቁጥር የተቀመጠ ነው፤ ቁጥሩም በየጨዋታው ትንሽ ከፍና ዝቅ ይላል። ባለፈው ጨዋታ የዋህ የነበረው ዘንድሮ ሌላ ሰው ነው። የውጭ ጉዳይ አማካሪው የሚልህም ያንኑ ፊቱን አይቶ ነው።

ድንበሬ አጠገብ ምን ትሠራለህ ሲባል፣ የምር ልትወጋ ካሰብክ ያኔውኑ "አዎ" በል። የጦረኛ ስም ይወጣልሃል። ከቃል አፍራሽ ግን ይሻላል።

ለመሬት ጎረቤት ፈቃድ አትስጥ። ብዙዎች ሽጠው ይላሉ፤ ኮምፒውተሩ እስከ 50 ወርቅ ሊከፍልበት ይችላልና። በባህል ለማሸነፍ የሚጫወቱት ደግሞ ቱሪዝም 25 በመቶ ይጨምራል ብለው ለሁሉም ይከፍታሉ። ለሩቁ ክፈት፣ እስማማለሁ። ከአጥርህ ማዶ ላለው ግን 50 ወርቅ ምን ይሠራልሃል? ወታደሩ ከተማህ በር ላይ ሲንጎራደድ ታያለህ።

ያለ ፈቃድ የሚገቡም አሉ። ጀጎል ግንብ ላይ በሮቹ ተዘግተው እንኳ ጅብ የሚገባባት ቀዳዳ አለች አይደል? የንግድ ቅፍለትና ሚሲዮናዊም እንደዚያው ናቸው። ቅፍለቱ ማንንም ሳይጠይቅ ያልፋል። ሚሲዮናዊው ግን ያለ ፈቃድ በሰው መሬት ባደረ ቁጥር ከ1000 የሃይማኖት ኃይሉ 250 ይቀነሳል፤ ስለዚህ ድንበሩ ላይ አድረህ በአንድ ተርን ከተማው ጥግ ድረስ ግባ። ታላቁ ነቢይ የሚባለው የሃይማኖት ሰው ግን አይቀነስበትም። የከተማ-መንግሥት መሬት ላይ ደግሞ ወዳጅ ሳትሆን ወታደር አታቁም፤ በየተርኑ ተሰሚነትህ ይወርዳል።

አውቶሴቩ፣ ጌሙ ጨዋታህን በራሱ የሚያስቀምጥበት፣ ሲገዛ በየ10 ተርኑ ነው። በየተርኑ አድርገው። ሐረር መብራት መቼ እንደሚሄድ ስለማይታወቅ ብቻ አይደለም፤ እስክንድር ከመምጣቱ በፊት ወዳለችው ተርን መመለስ ስትፈልግም ነው። ጓደኛዬ ይህን ማጭበርበር ነው ይላል። እሱ ግን የሚጫወተው ከጋንዲ አጠገብ ነው።