ለኬክ ማድረሻዬ ያሠራሁት ባለ ሁለት ከፍታ ወለል

ሐዋሳ ውስጥ ኬክ እጋግራለሁ፤ ለሠርግ፣ ለምርቃት፣ ለልደት። የማደርሰው በአሮጌ ኮሮላ ስቴሽን ዋገን ነው። ብዙዎቹ የሙያ ጓደኞቼ የሠርግ ኬክ ፎቆቹን ለያይተው ይወስዱና አዳራሽ ውስጥ ይደራርቡታል። እኔ ግን ቤቴ ደርቤ፣ አስጊጬ፣ ጨርሼ ማድረስ ነው የምወደው። ሙሽሮቹ በር ላይ ደርሰው እልልታው ሲቀልጥ ክሬም ስቀባ መገኘት አልፈልግም።

ለዚህ እንቅፋት የሆነብኝ የመኪናው ወለል ነበር። የኋላ ወንበር ሲታጠፍ ጀርባው ከዕቃ መጫኛው ወለል ከፍ ብሎ ይቀራል፤ በበሩ በኩል ደግሞ ደፍ አለ። ኬኩን ደፉን አሻግሮ ወደ ጉድጓዱ ማውረድ፣ ሲደርሱም ከዚያው ማውጣት ግድ ነው። ከባድ ኬክ ይዞ፣ ወገብን አጥፎ፣ ክንድን ዘርግቶ ዝቅ ማድረግ ቀላል አይደለም። ጌጡ የሚነካካው አብዛኛውን ጊዜ እዚህች ላይ ነው እንጂ መንገድ ላይ አይደለም።

አዳዲሶቹ ስቴሽን ዋገኖች ለዚህ መላ አላቸው። ስኮዳ ኦክታቪያ ኮምቢን ወይም ኮሮላ ቱሪንግ ስፖርትስን ብናይ፣ የዕቃ መጫኛው ወለል በሁለት ከፍታ የሚቀመጥ ሰሌዳ ሊሆን ይችላል፤ በአንዳንዱ ሞዴል ተጨማሪ ተከፍሎበት ይገጠማል። ከፍ ሲደረግ ከደፉና ከታጠፈው ወንበር ጋር ይስተካከላል፣ ከሥሩም የተሰወረ ክፍል ይተርፋል። ዝቅ ሲደረግ ሙሉው ጥልቀት ይገኛል። የኮሮላው ሰሌዳ ይገለበጣል ደግሞ፤ በአንድ ፊቱ ሞኬት፣ በሌላው እርጥብ ዕቃ የሚችል ፕላስቲክ ነው። ይህን ሳውቅ ለእኔም መኪና ሊሠራ እንደሚችል አመንኩ።

ስለ ጭነት ቦታ ሲወራ ሁሉም የሚጠራው ሊትር ነው። የአራተኛው ትውልድ ኦክታቪያ ኮምቢ ወንበሩ ሳይታጠፍ 640 ሊትር ይባላል። ይህ ቁጥር የሚገኘው 20 በ10 በ5 ሴንቲሜትር የሆኑ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ሊትር የሚሞሉ ብሎኬቶችን በየጥጉ ደርድሮ በመቁጠር ነው። ጎማው አጠገብ ያለችው ጠባብ ጎድጓዳ ሳትቀር ትቆጠራለች። ለኬክ ካርቶን ግን እነዚያ ጥጋጥጎች ምንም አይፈይዱም፤ የሚያስፈልገው ያልተቆራረጠ ሜዳና ቁመት ነው። ስለዚህ ከመኪናው በፊት ካርቶኖቼን ለካሁ። የልደቱ 15 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ ባለ ሦስት ፎቁ ከነካርቶኑ 50 ይጠጋል። ለልደቶቹ ከፍ ያለው ወለል ይመቻል፤ ለትልቁ ዝቅ ያለው ብቻ ነው የሚሆነው።

በሠፈራችን ያሉ አንድ አናጺ ጋ ሄድኩ። መጀመሪያ ከካርቶን ቅርጹን አወጣን። ሰሌዳው የሚለካው ሰፊው ቦታ ላይ ሳይሆን በሁለቱ የጎማ ጉብታዎች መካከል ባለው ጠባቡ ላይ ነው፤ አለዚያ ወደ ታችኛው እርከን አይወርድም። ቀጥሎ 18 ሚሊሜትር ኮምፔርሳቶ፣ ማለትም ስስ እንጨት ተደራርቦ የተጣበቀበት ሰሌዳ፣ ገዛሁ። ከእንጨት ፍርፋሪ የሚጨመቀው ቺፑድ ይረክሳል፣ ግን እርጥበት ሲነካው ያብጣል፣ ቪቴውም ቶሎ ይለቃል። በግራና በቀኝ ሁለት እርከን ያለው መደገፊያ ከሞራሌ፣ ከአራት ማዕዘን የእንጨት ዘንግ፣ ተሠራ፤ የታሰረውም የዕቃ ማሰሪያ ቀለበቶቹ በነበሩበት ብሎን ነው። የመኪናው አካል ላይ አዲስ ቀዳዳ አልተበሳም።

«ጋሼ፣ ሰሌዳው አንድ ወጥ ይሁንልኝ» ብላቸው «ልጄ፣ ጎማ ቢፈነዳብሽ ኬኩን የት ልታወርጂው ነው?» አሉኝ። ስኮርት ጎማው ከወለሉ ሥር ነው። ስለዚህ ሰሌዳው ለሁለት ተከፍሎ በማጠፊያ ተያያዘ። ኬኩ ሁልጊዜ በፊተኛው በኩል ይቀመጣል፤ የኋለኛው ባዶ ይሆናል ወይም ቀላል ዕቃ ይይዛል፣ ሲያስፈልግ ብድግ ይላል። ከሥራው ሁሉ የምወደው ይህችን ሐሳብ ነው።

ብዙ ያስተማረኝ የወለሉ ልክ ነው። ባዶ መኪና ላይ ውኃ ልክ አስቀምጠው ወለሉ ቢስተካከል፣ ሲጫን የኋላው ሞላ ይረግጥና ወለሉ ወደ በሩ ያዘነብላል። እኛ የለካነው ሰው ተቀምጦ፣ ዕቃ ተጭኖ፣ ሜዳ ላይ ቆመን ነው። ልዩነቱን በመደገፊያው የኋለኛ ጫፍ ላይ ቀጭን እንጨት በመደረብ አቃናነው።

ሰሌዳውን የኮሮላውን አይቼ በሁለት ፊት አሠራሁት፤ በአንዱ ሞኬት፣ በሌላው የጎማ ንጣፍ። ሞኬት ላይ ካርቶን ይንሸራተታል፤ ለመጫን ደስ ይላል፣ ለመንገድ ግን አይሆንም። ኬክ ሲጫን ጎማው ወደ ላይ ነው። እርከኖቹ ላይ ደግሞ የአሮጌ ካላማዳሪ ቁራጭ ለጠፍን። ያለ እሱ ኮብልስቶን ላይ ሰሌዳው ይንኳኳል፣ ንዝረቱም ቀጥታ ወደ ክሬሙ ይሄዳል።

አጥብቄ የምናገረው ስለ ከባድ ዕቃ ነው። የብረት የኬክ መቆሚያና የለስላሳ ሳጥን ከፍ ያለው ወለል ላይ አይወጡም፤ ከሥሩ፣ ወደ ወንበሩ ተጠግተው ይቀመጣሉ። የኋላ ወንበር ሲታጠፍ በጭነቱና በሹፌሩ መካከል የሚቀር ነገር የለም። ድንገት ፍሬን ሲያዝ ዕቃው በነበረበት ፍጥነት ወደ ፊት ይመጣል። ስለዚህ ከፊት ወንበሮች ኋላ በብሎን የሚያዝ ማገጃ አሠርቻለሁ፤ ካርቶኖቹም በማሰሪያ ይያዛሉ።

ፀሐዩም አለ። ከፍ ባለው ወለል ላይ ካርቶኑ እስከ መስኮቱ ይደርሳል፣ የስቴሽን ዋገን የኋላ መስታወት ደግሞ ሰፊ ነው። በሚያዝያ ሠርግ፣ ከአቶቴ እስከ ሐይቁ ዳር ያለው አጭር መንገድ እንኳ ለቅቤ ክሬም ይበዛል። ጠዋት መውጣት ነው፤ ካልሆነም መስታወቱን ነጭ ጨርቅ ማልበስ።

18 ሚሊው ጠንካራ ነው፣ ግን ይከብዳል፤ ብቻዬን ከፍና ዝቅ ማድረጉ ክንድ ይጠይቃል። ለእህቴ መኪና የምናሠራው 12 ሚሊ ሆኖ ከሥሩ በሞራሌ የተጠናከረ ይሆናል። አናጺው ልኩን ወስደዋል።