ከ«ክሊኒካሊ ኮሪሌት» በፊት

ሐዋሳ ውስጥ ራጅ ክፍል በር ላይ ተራ ከሚጠብቁት ሕመምተኞች ብዙዎቹ ፌስታል ይዘዋል። ከአለታ ወንዶ፣ ከሀገረ ሰላም ወይም ከሻሸመኔ ሲመጡ የድሮ ፊልማቸውን ጠቅልለው ያመጡበት ነው። ዘንድሮ ወደ ራዲዮሎጂ ስፔሻሊቲ ሥልጠና ለምትገቡ ሐኪሞች፣ ለሬዚደንቶች፣ ሥልጠናው የሚጀምረው ከዚያ ፌስታል ይመስለኛል። ሳንባ ላይ የታየ ጠጣር ነገር ከሁለት ዓመት በፊት በተነሣው ፊልም ላይም በዚያው መጠን ካለ፣ ካንሰር የመሆኑ ነገር በጣም ይጠባል። የሳንባ ጫፍ ላይ ያለ ጠባሳ የዳነ ቲቢ ይሁን ገና ያልዳነ፣ አንድ ፊልም ብቻውን አይነግራችሁም። «የድሮ ፊልም አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ራሱ ሙያ ነው።

ሪክዌስቱም (የምርመራ ማዘዣው) እንደዚያው ነው። «ሳል» ብቻ ተብሎ ከመጣ ለላከው ሐኪም ደውሉ። ጥያቄው ያልገባው ሬዚደንት መልሱን ሊጽፍ አይችልም።

ከዚያ ፊልሙ ለመነበብ መብቃቱን እዩ። የሁለቱ ክላቪክሎች (የአንገት ሥር አጥንቶች) ውስጠኛ ጫፍ ከአከርካሪው መሐል እኩል ካልራቀ ሕመምተኛው ዞሯል ማለት ነው፤ አንዱ ሳንባ ያለ በሽታ ጠቁሮ ይታያል። ከድያፍራም (ደረትን ከሆድ ከሚለየው ጡንቻ) በላይ 9 ወይም 10 የኋላ ጎድን ካልቆጠራችሁ ትንፋሹን በደንብ አልሳበም፤ የታችኛው ሳንባ ተጨናንቆ ኒሞኒያ ይመስላል። አልጋ ላይ ከፊት ለፊት በተነሣ ፊልም ልብ ከመጠኑ በላይ ስለሚጎላ፣ የ0.5 መለኪያን (የልብ ስፋት ለደረት ስፋት ሲካፈል) እዚያ ላይ አውጥቶ «ልቡ ተልቋል» ማለት ስሕተት ነው።

ብዙ የሚያሳስተው አለማየት ሳይሆን አንድ ነገር አይቶ ማቆም ነው። ሳንባን የከበበ ውኃ በግልጽ ይታያል፤ ዓይን እዚያ ይረካና ሦስተኛው ጎድን ላይ የተበላው አጥንት ያልፋል። የመጀመሪያውን ግኝት ካገኛችሁ በኋላ የሳንባ ጫፎችን፣ ከልብ ጀርባ፣ ሂለሙን (የደም ሥሮችና የአየር ቱቦ ወደ ሳንባ የሚገቡበትን)፣ ከድያፍራም በታችና አጥንቶቹን እንደገና ዙሩ። በጀርባው ተኝቶ በተነሣ የአደጋ ሕመምተኛ ላይ ደግሞ ከሳንባ ውጭ የወጣ አየር ጫፍ ላይ አይፈለግም፤ ወደ ፊትና ወደ ታች ስለሚሰበሰብ በጎን ያለው የድያፍራም ጥግ ከወትሮው ጠልቆ ይጠቁራል።

ለአልትራሳውንድ እጅም አፍም ያስፈልጋል። የእርግዝና ምርመራዋ ፖዘቲቭ የሆነ፣ የደማች እናት አልጋው ላይ ተኝታለች፤ የምታየው ስክሪኑን ሳይሆን ፊታችሁን ነው። በብልት በኩል በገባ ፕሮብ (የአልትራሳውንዱ መመርመሪያ) ስትለኩ ጽንሱ 7 ሚሊሜትር ሳይሞላ የልብ ምት ባይታይ፣ ወይም የእርግዝናው ከረጢት በአማካይ 25 ሚሊሜትር ሳይሞላ ጽንስ ባይታይ፣ «ሞቷል» አይባልም። ቀጠሮ ስጡ፤ አስኳል (ከረጢቱ ውስጥ ያለው ትንሽ የጽንስ መጋቢ ከረጢት) ያልታየበት ከሆነ ከ14 ቀን በኋላ። ማሕፀኑ ባዶ ከሆነም «ወርዷል» ብላችሁ አትጻፉ፤ ጽንሱ ከማሕፀን ውጭ ሊሆን ስለሚችል ሁለቱንም ጎን ፈልጉ፣ ከማሕፀን ጀርባ ውኃ መኖሩን እዩ፣ ፕሮቡን ወደ ላይ ወስዳችሁ በጉበትና በቀኝ ኩላሊት መካከል ተመልከቱ። እዚያ ፈሳሽ ካለ ደሙ ብዙ ነው፤ ሪፖርቱ ሳይታተም ማሕፀንና ጽንስ ክፍል ይደወል። ሲዳምኛ ብቻ የምትናገር ከሆነች በልጇ ወይም በባሏ አታስተርጉሙ፤ ቋንቋዋን የምትችል ነርስ አስጠሩ። ባል ፊት የማትናገረው ነገር ይኖራታል።

በሲቲ ላይ የጭንቅላትን ምስል በ80/40 ዊንዶው (የግራጫው ስፋት 80፣ መሐሉ 40) ብቻ አይቶ መዝጋት ልማድ እንዳይሆን። ከራስ ቅል ጋር የተለጠፈ ስስ ደም ነጭ ከነጭ ጋር ተቀላቅሎ ይሰወራል፤ ስፋቱን ወደ 200 ገደማ ከፍ ስታደርጉ ይለያል። ደም ያነሰው ሰው ላይ ትኩስ ደምም እንደ አንጎል ግራጫ ሊሆን ይችላል።

ኮንትራስት (ምስሉን የሚያጎላው መድኃኒት) ከመወጋቱ በፊት አድሬናሊኑ የት እንዳለ በእጃችሁ ነክታችሁ እወቁ። ሕመምተኛው በአለርጂ ጉሮሮው ከተዘጋ ወይም ግፊቱ ከወረደ ለአዋቂ 0.5 ሚሊግራም ጭን ጡንቻ ላይ ይወጋል፤ በሚሊሊትር 1 ሚሊግራም ከሆነው አምፑል ግማሽ ሚሊሊትር ማለት ነው። ካልተሻለው ከ5 ደቂቃ በኋላ ይደገማል። ሃይድሮኮርቲዞን ፍለጋ መሮጥ የተለመደ ጥፋት ነው፤ የሚሠራው ዘግይቶ ነው።

አሁን ሪፖርቱ። የኢምፕሬሽን (የመደምደሚያው) የመጀመሪያ መስመር የተጠየቀውን ይመልስ። «የቀኝ ታችኛው ሳንባ ጥላ፣ ክሊኒካሊ ኮሪሌት» (ከሕመምተኛው ምልክት ጋር አገናዝቡት) የሚል ሪፖርት ሥራውን ወደ ላኪው መልሶ ይወረውራል። «የቀኝ ታችኛው ሳንባ ጥላ፤ ትኩሳት ካለው ኒሞኒያ ይሆናል፤ ከሕክምና በኋላ በ6 ሳምንት ፊልም ይደገም፣ ካልጠፋ ሲቲ» ሲባል ግን የኦፒዲ (የተመላላሽ ክፍል) ሐኪሙ ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። አጣዳፊ ግኝት ከሆነ ስልክ ደውሉ፣ የሰማው ሰው መልሶ እንዲነግራችሁ አድርጉ፣ ስሙንና ሰዓቱን ሪፖርቱ ላይ ጻፉ። ሌሊት ለሲኒየር መደወልም ድክመት አይደለም፤ ሳይደወል ያደረ ጥርጣሬ ግን ሕመምተኛው ላይ ያድራል።

ሎግቡክ (የሥልጠና መዝገባችሁ) ስንት እንደሠራችሁ ይቆጥራል፤ ስንቱ ልክ እንደነበረ አይቆጥርም። ለዚህ ትንሽ ደብተር ይበቃል፦ የካርድ ቁጥር፣ ቀን፣ የጻፋችሁት፣ የተጠራጠራችሁት። ደብተሩን ቆልፋችሁ አስቀምጡ፣ የሕመምተኛ ስም አይግባበት። ዓርብ ከሰዓት ኦፕሬሽን ክፍልና ፓቶሎጂ ሄዳችሁ በአምስተኛው ዓምድ የተገኘውን ሙሉ።