ለራሴ የማነበው፣ ለእማዬ የማነብላት

«ሰሞኑን ምን እያነበብሽ ነው?» የሚለኝ ሰው ሲመጣ «ለራሴ ነው ለእማዬ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ሁለት ዓይነት ንባብ ላይ ነኛ! አንዱ ጠዋት ጠዋት ከጀሞ ወደ ሜክሲኮ በሰርቪስ ስሄድ፣ የሹፌሩ ሬዲዮ እየጮኸ የማነበው ነው። ሌላው ማታ ከእራት በኋላ ጮክ ብዬ ለእማዬ የማነብላት ነው። ግላኮማ ይዟታል። ድሮ ሰፈራችን ውስጥ የእሷን ያህል የሚያነብ ሰው አልነበረም። ጡረታ የወጣች የአማርኛ አስተማሪ ናት። አሁን ፊደሉ አይለይላትም።

ጮክ ብሎ ማንበብ ስለ መጻሕፍት የነበረኝን አስተያየት ገለባብጦታል። በዓይን ሳነበው ግሩም ያልኩት በአፍ ሲወጣ ይንገዳገዳል። ተራ የመሰለኝ ደግሞ ድምፅ ሲያገኝ ነፍስ ይዘራል። ዓረፍተ ነገሩ ከረዘመ ትንፋሼ ይነግረኛል። ወሬው ካልያዘ ደግሞ እማዬ አለች። መጀመሪያ «እ...» ማለቷን ታቆማለች። ቀጥላ «ነገ ምን ወጥ እንሥራ?» ትላለች። እንደዚያ ካለች መጽሐፉ አለቀለት ማለት ነው። ብዙ የተወራላቸው መጻሕፍት እዚህ ወጥ ላይ ቀርተዋል።

ይህን ፈተና አንደኛ ሆኖ ያለፈው «መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ ኃይሉ» ነው። መንግሥቱ ለማን ብዙዎቻችን የምናውቀው በ«ጠልፎ በኪሴ» እና በ«ያላቻ ጋብቻ» ነው። በዚህ መጽሐፍ ግን ብዕሩን ለአባቱ ለቆላቸዋል። አለቃ ለማን አስቀምጦ አስወራቸው፣ የተናገሩትን ቀዳ፣ ወደ ጽሑፍ መለሰው። በ1959 ዓ.ም. ታተመ። ስለዚህ ገጹ ላይ ያለው ጨዋታ አዋቂ ሽማግሌ የሚያወራው ወሬ ነው። አንድ ነገር ይጀምራሉ፣ መሀል ላይ ሌላ ሰው ትዝ ይላቸዋል፣ ወደዚያ ይሄዳሉ፣ ሲበቃቸው ይመለሳሉ። የቅኔ መምህራኑና የተማሪዎቻቸው ነገር ሲመጣማ እማዬን ማስቆም አይቻልም። አያቷ መሪጌታ ነበሩ። እኔ ሳነብ እሷ ትቀድመኛለች። ግዕዙ ሲመጣ ምላሴ ይተሳሰራል፤ የቱ እንደሚጠብቅ የቱ እንደሚላላ ፊደሉ አይነግረኝም። «አታጥብቂው! ላላ አድርጊው!» ትለኛለች ዓይኗን ጨፍና። ደግሜ አነበዋለሁ። «አሁን ገና» ትላለች። በዚህ ዓይነት አንድ ገጽ ለመጨረስ ሩብ ሰዓት የሚፈጅብን ጊዜ አለ። ማንም አይቸኩልም።

መጽሐፉን በዓይን ብቻ ካነበባችሁት የተዘበራረቀ ሊመስላችሁ ይችላል። ጮክ ብላችሁ ሞክሩት። ቤታችሁ ውስጥ አዛውንት ካሉ ደግሞ ከዚህ ጀምሩ፤ ሌላውን ሁሉ በኋላ ትደርሱበታላችሁ።

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ምከሪን የሚለኝ ሰው የለም፤ ሁሉም ያውቀዋል። ግን አንድ ነገር ልበል። ይህን መጽሐፍ ለእማዬ ማንበብ ከወጋየሁ ንጋቱ ጋር መወዳደር ነው። በሬዲዮ ሲተርከው ሰምታዋለች። ድምፁ ጆሮዋ ውስጥ እስካሁን አለ። «ወጋየሁ እዚህ ጋ ቆም ይላል» ትለኛለች። ቆም እላለሁ። «እንዲህ አይደለም» ትላለች። ምን ይደረጋል! በዚያ ላይ ያደገችው ብቸና ነው። ዲማ ጊዮርጊስ ለእሷ የመጽሐፍ ቦታ አይደለም፤ ንግሥ የምትሄድበት ደብር ነው። በዛብህ እዚያ ለመማር ሲገባ «የታችኛው በር ነው የላይኛው?» ብላ ጠይቃኛለች። ሐዲስ አለማየሁ አልጻፉትም ብላት ተቆጣች።

ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ሰብለወንጌልና ስለ በዛብህ ነው። ጮክ ብዬ ሳነበው ከሁሉም የበለጠብኝ ግን እነሱ ገና ያልመጡበት መጀመሪያው ነው። ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ፣ ማንኩሳ ላይ። ምንም ጥድፊያ የለውም። ሁለት በዕድሜ የገፉ ሰዎች እንዴት አንድ ጎጆ ውስጥ እንደገቡ ነው የሚያወራው። የዘንድሮ አርታኢ ቢያገኘው «ይሄን ቁረጠው፣ ዋናው ታሪክ ይጀመር» የሚል ይመስለኛል። እንኳን አላገኘው።

ሌላው መጽሐፉ ምን ያህል እንደሚያስቅ ነው። ትምህርት ቤት ስናነበው አሳዛኝ ነው ተብለን ስለተዘጋጀን ሳቁን ዘለልነው። ፊታውራሪ መሸሻ ገበሬዎቹ ላይ ዘምተው፣ በአበጀ በለው እጅ ራሳቸው የሚማረኩበትን ቦታ ሳነብላት እማዬ ስቃ ስቃ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። ጉዱ ካሳን በተመለከተ አልተስማማንም። እኔ ንግግሩ ሲረዝም ጉሮሮዬ ይደርቃል፤ ሰውዬው ልክ ነው፣ ግን ያስተምራል። እሷ አንድ ቃል እንዲዘለል አትፈቅድም። መጨረሻው ሲደርስ ግን «ሞቱን ዝለይው፣ አውቀዋለሁ» አለችኝ። ዘለልኩት።

«ኦሮማይ» ሌላ ነገር ነው። በዓሉ ግርማ የጋዜጠኛ ጆሮ አለው። ንግግሩ አጭር አጭር ነው፤ «አለ»፣ «አለች» ብዬ ሳልደክም ማን እየተናገረ እንደሆነ እማዬ ታውቀዋለች። ጋዜጠኛው ጸጋዬ ኃይለማርያም እጮኛውን አዲስ አበባ ትቶ ለደርግ የቀይ ኮከብ ዘመቻ አስመራ ይሄዳል። እዚያ ፊያሜታን ያገኛል። ፍቅሩና ጦርነቱ አንድ ላይ ይጋጋማሉ። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲው በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። እማዬ ያኔ ደብረ ማርቆስ ታስተምር ነበር። መጽሐፉን በጋዜጣ ሸፍነው፣ ለአንድ ሌሊት ለአንድ ሌሊት እየተዋዋሱ ነው ያነበቡት። «የኔ ተራ ሐሙስ ነበር» ትላለች። የቱን ገጽ በምን ብርሃን እንዳነበበችው ሳይቀር ታስታውሳለች። የዛሬ ምሳችንን ግን አታስታውሰውም።

እ.ኤ.አ. በ2025 በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ወጥቷል። አሜሪካ ያሉ የአክስቴ ልጆች አማርኛ ይሰማሉ፤ ማንበብ ግን ይከብዳቸዋል። ለእነሱ ደስ ብሎኛል። በአማርኛ ማንበብ የሚችል ግን በአማርኛ ያንብበው። አስመራን፣ ካድሬውን፣ የቢሮውን ስብሰባ በራሱ ቋንቋ መስማት ሌላ ነው።

ስለ ስብሐት ገብረእግዚአብሔር ትጠይቁኝ ይሆናል። «ትኩሳት»ን ለእናቱ ጮክ ብሎ የሚያነብ ጀግና ካለ ይምጣና ያስተምረኝ። እሱን ለብቻዬ ነው የማነበው። «እግረ መንገድ» ግን ለሁላችንም ይሆናል። የጋዜጣ መጣጥፎቹ ናቸው፤ አጫጭር፣ ቀለል ያሉ። መብራት በሚጠፋበት ማታ በሞባይል ብርሃን ሁለት ሦስቱን እናነባለን። ባትሪው ሳያልቅ አንድ ታሪክ ያልቃል፤ ይኸ ቀላል ነገር አይደለም።

«ዴርቶጋዳ»ን ታናሽ ወንድሜ ነው ያመጣው። እኔ አፍንጫዬን ነፍቼ ነበር። የጣና ገዳማት፣ ሰላዮች፣ ሳይንቲስቶች፣ ሁሉም አንድ ላይ። እማዬ ግን «ቀጥይ፣ ቀጥይ» እያለች ከመተኛ ሰዓታችን አሳለፈችን። «ይሄ ልጅ ውሸቱ ይጣፍጣል» አለች ስለ ይስማዕከ ወርቁ። ከዚህ የተሻለ የመጽሐፍ ግምገማ አላነበብኩም። ቋንቋው ላይ የማኮርፍበት ቦታ አለኝ፤ ሰው እንዲያነብ በማድረግ ግን የሚያህለው ጥቂት ነው።

ለራሴ፣ ሰርቪስ ላይ፣ አዳም ረታን እደግማለሁ። «ግራጫ ቃጭሎች» ቦርሳዬ ውስጥ ጠርዙ ተልጧል። አዳምን ለእማዬ አንድ ማታ ሞክሬው ነበር። ጠረኑን፣ ቀለሙን፣ የግድግዳውን ስንጥቅ እያለ ሲሄድ «ሰውዬው መቼ ነው ከቤት የሚወጣው?» አለች። እውነቷን ነው፤ አዳም በጆሮ አይሆንም። ዓይን ይፈልጋል። ወደ ኋላ ተመልሶ ያንኑ መስመር እንደገና ማየት ያስፈልጋል። አንዱን አንቀጽ ከጀሞ ጀምሬ ሳር ቤት ድረስ የማነብበት ቀን አለ። ሕፅናዊነት የሚለውን፣ ታሪክን ከታሪክ የሚያያይዝበትን የአጻጻፍ ሐሳቡን በእንጀራ እንደሚያስረዳ ስነግራት «ስለ እንጀራ ከሆነ እኔን ይጠይቀኝ» ብላኛለች። አዳምን ፈርታችሁ የተዋችሁት ካላችሁ በ«አለንጋና ምስር» ግቡ። አጫጭር ልቦለዶች ናቸው። ካልጣማችሁ ያጠፋችሁት አንድ ማታ ነው።

አሁን ማታ ማታ የያዝነው የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምን «ኦቶባዮግራፊ» ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ በ1999 ዓ.ም. ያሳተመው። ሰውዬው የኖሩት ሕይወት ለሦስት ሰው ይበቃል። በልጅነታቸው በራስ መኰንን ቤት አደጉ፣ አድዋ ዘመቱ፣ ከዚያ ወደ ሩሲያ ተወስደው የመድፈኛ ትምህርት ተማሩ። ተመልሰው «ፋቡላ»ን ጻፉ፤ የመጀመሪያው የአማርኛ ቴአትር የሚባለውን። የ1923ቱን ሕገ መንግሥት አረቀቁ። ጣሊያን ሲመጣ ጄኔቭ ላይ ለአገራቸው ተከራከሩ። እኔ ወደዚያ ወደ ጄኔቩ ለመድረስ እቸኩላለሁ። እማዬ ግን ሩሲያ ላይ ይዛኝ ቆማለች። «እናቲቱስ? ልጇን እንዲያ ባሕር አሻግረው ወስደውባት ምን አለች?» ትላለች። ቆይ ይመጣል እላታለሁ። አታምነኝም። እኔ ታሪክ የማነብ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ እሷ ሌላ መጽሐፍ ነው የምትሰማው።

አማርኛው ደስ ይላል። የተማረ ሰው አማርኛ ነው፤ አይቀባባም። ራሳቸውን ሲያሞግሱም በግልጽ ነው፤ ሰውን ሲወቅሱም በግልጽ። ስለ ዘመኑ መኳንንት የሚሰጡትን ፍርድ ሁሉ ግን አትዋጡ። ከጎኑ የብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስን የትዝታ መጽሐፍ አስቀምጡት። እሳቸው ረጋ ያሉ ናቸው። ያዩትንና የሰሙትን በየተራው ይጽፋሉ። ሁለቱን ጎን ለጎን ማንበብ ሁለት አጎቶች ስለ አንድ ሰርግ ሲያወሩ እንደመስማት ነው።

የት ነው የምታገኚያቸው ለምትሉኝ፣ አብዛኞቹን ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ነው። ሜክሲኮ ጋ አንድ ደንበኛዬ አዟሪ አለ። መጽሐፉን ከመዳፉ እስከ አገጩ ደርድሮ ነው የሚዞረው። መሀል ላይ ያለውን ሲጠይቁት ከላይ ያለው ሳይወድቅ እንዴት አድርጎ እንደሚመዘው እስካሁን አልገባኝም። ለእናቴ እንደምገዛ ያውቃል። «እህቴ፣ ይቺ ለማዘር ትሆናለች፣ ፊደሏ ትልቅ ነው» ይለኛል ሁልጊዜ። ፊደሉ ለእሷ ምንም እንደማይጠቅም ነግሬዋለሁ። አሁንም ይለኛል። አንድ ምክር ልስጣችሁ፦ ከመክፈላችሁ በፊት መሀሉን ገልጣችሁ እዩ። ኦሪጅናል የሚመስል ፎቶ ኮፒ በዝቷል። ገጾቹ ተዘዋውረው የተሰፉም አሉ። በዓይን ሲያነቡ ይናደዱና ያልፉታል። ጮክ ብላችሁ ለሰው ስታነቡ ግን ሰብለወንጌል ሳታገባ ልትመንን ትችላለች።

ቀጥሎ ምን እንደምናነብ ገና አልተስማማንም። እኔ የሐዲስ አለማየሁን «ትዝታ» ነው የምፈልገው፤ በጣሊያን ጦርነት ከራስ እምሩ ጋር ዘምተው፣ ተማርከው ጣሊያን አገር ደሴት ላይ የታሰሩበትን። እማዬ ደግሞ ስለ ጎንደሯ እቴጌ የተጻፈውን የሕይወት ተፈራን «ምንትዋብ» ትላለች። ጎንደርን አይታት አታውቅም፤ እሄዳለሁ እያለች ዓይኗ ቀደማት። አዟሪው «ምንትዋብ»ን ቅዳሜ አመጣለሁ ብሏል፣ ስለዚህ እኔ የተሸነፍኩ ይመስላል።