ቁርጥማቱ በዘር ነው? ለአክስቴ መልስ የፈለግኩበት መንገድ

አክስቴ ሩማቶይድ አርትራይተስ (የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያ የሚያጠቃበት ቁርጥማት) እንዳለባት ከተነገራት ወዲህ ጥያቄዋ አንድ ነው። "ልጄንም ይይዛት ይሆን?" እኔ እዚሁ ሐዋሳ ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ ቁርጥ ያለ መልስ ከእኔ ጠበቀች።

ጥያቄውን ለሁለት ከፈልኩት፦ ይዘነው የምንወለደውና ኋላ እዚያው መገጣጠሚያው ውስጥ የሚፈጠረው። የመጀመሪያው ብዙ አላስቸገረኝም። ኤችኤልኤ-ዲአርቢ1 የሚባለው ጂን አንዳንድ ዓይነቶቹ በበሽታው የመያዝ ዕድልን ይጨምራሉ። ቢሆንም እነዚህ ዓይነቶች ያሏቸው አብዛኞቹ ሰዎች አይታመሙም። ሲጋራ ሲጨመርበት ግን አደጋው ይከብዳል።

ልቤን የያዘው ሁለተኛው ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንዲያጎ እነ ጌሪ ፋየርስታይን የታማሚዎችን የመገጣጠሚያ ሽፋን መረመሩ። ፒ53 የተባለው ጂን ላይ ሚውቴሽን፣ ማለትም የዲኤንኤ ለውጥ፣ አገኙ። ይህ ጂን ዲኤንኤው የተጎዳ ሴል እንዳይባዛ ወይም እንዲሞት የሚያደርግ ጠባቂ ነው። የሚገርመው፣ የታማሚዎቹ ደምና ቆዳ ላይ ጂኑ ደህና ነበር! ስለዚህ ለውጡ ከወላጅ የመጣ አይደለም፤ ለልጅም አይተላለፍም።

ታዲያ ከየት መጣ? ብግነቱ፣ ማለትም የመገጣጠሚያው መቆጣትና ማበጥ፣ ራሱ ናይትሪክ ኦክሳይድና ሌሎች ዲኤንኤን የሚጎዱ ነገሮችን ያመነጫል። የተገኙት ለውጦችም ከዚህ ዓይነት ጉዳት ጋር የሚሄዱ ናቸው። ጠባቂው ሲደክም የሽፋኑ ሴሎች ይበረክታሉ፣ ልም አጥንቱንም ይበሉታል። ሌሎች ቤተ ሙከራዎች ሁሌ ይህንኑ አላገኙም። በሽታውን የሚያስጀምረው ሚውቴሽኑ ነው ማለትም አይቻልም። ይህንንም አልደበቅኳትም፤ የታመመ ሰው እርግጠኛ ያልሆነውንም ማወቅ አለበት ብዬ አምናለሁ።

ጉልበት በደብተር ላይ ስዬ፣ ሽፋኑን በቀይ አቅልሜ አሳየኋት። "እትዬ፣ ይሄ ለውጥ እዚህ ብቻ ነው ያለው" አልኳት። ትንሽ አሰብ አደረገችና "እንዲያ ከሆነማ ብግነቱን ዝም ካላሰኘሁት እያደር ይብስብኛል ማለት ነዋ!" አለች። እኔ ያላሰብኩትን ድምዳሜ ራሷ ደረሰችበት። ሕመሙ ቀለል ሲላት ብግነቱን የሚያበርደውን መድኃኒቷን፣ ሜቶትሬክሴትን፣ ትዘል ነበር። አሁን ሐኪሟ እንዳዘዘላት በሳምንት አንዴ፣ እሁድ እሁድ፣ ትወስዳለች።

ክፍል ውስጥም ሚውቴሽንን ከትርጓሜው መጀመር ትቻለሁ። የአክስቴን ጥያቄ አነሳለሁ፣ ተማሪዎቹ ይከራከራሉ፣ ከዚያ ጉልበቱን እስላለሁ።

ለልጇ ደግሞ የነገርኳት ይሄን ነው፦ ጠዋት ጣቶችሽ ከአንድ ሰዓት በላይ እየተገተሩ ካስቸገሩሽ፣ እብጠቱም ለሳምንታት ከቆየ፣ ሳትውይ ሳታድሪ ሐኪም ጋ ሂጂ።