ማን መሠረተው?

ዛሬ ያለ ምክንያት ሆድ ሲብሰኝ ዋለ። የተጣላሁት ሰው የለም፣ የቀረብኝ ነገርም የለም። ብቻ ከጠዋት ጀምሮ የያዝኩትን ሁሉ ግማሹ ላይ እየተውኩ ሌላ ስጀምር መሸ። ማታ ስልኬን ሳገላብጥ ችግኝ የሚተክለው የወጣቶች ድርጅታችን ግሩፕ ላይ አንዲት አዲስ አባል የጻፈችውን አየሁ። «ይቅርታ፣ ለክፍል ሥራ ፈልጌው ነው። ድርጅታችንን ማን ነው የመሠረተው?»

ሦስት ሰው መልሶላታል። አንዱ «የቀድሞ አመራሮች» አለ። አንዷ የአሁኑን ሰብሳቢ ስም ጻፈች። ሦስተኛው «መተዳደሪያ ደንቡ ላይ ይኖራል፣ እዚያ እይው» ብሎ ገላገላት። እኔ እዚያው ግሩፕ ውስጥ አለሁ። አብራኝ የጀመረችው ሰ.ም አለች። ሁለታችንም አንብበን ዝም አልን።

ቅር ሊለኝ ነበር። ከዚያ የልጅቷን ፎቶ ከፈት አድርጌ ሳየው፣ እኛ የመጀመሪያዎቹን ችግኞች ስንተክል እሷ ገና ፊደል እየቆጠረች እንደነበር ገባኝ። ከየት ታውቀናለች? ለምንስ ብላ ታውቀናለች?

ድርጅቱ አደገ ሲባል እሰማለሁ፤ ሰው ሲጠይቀኝ እኔም «አድጓል» እላለሁ። መቼ አደገ ብዬ ግን ራሴን ጠይቄ አላውቅም። የአባላቱ ቁጥር ሲጨምር ነው? ቢሮ ስንከራይ ነው? መጀመሪያ ላይ እኮ ሁላችንም እንተዋወቅ ነበር። ማን ዶማ እንዳለው፣ ማን ቅዳሜ ጠዋት ከእንቅልፉ እንደማይነሳ፣ የማን እናት «ይሄ ዛፍ ትምህርትህን ሊያስጥልህ ነው» እያለች እንደምትቆጣ። ስብሰባ የምንለው ገሚሱ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ገሚሱ ቆሞ የሚያወራበት ነበር። ቃለ ጉባኤ መያዝ እንዳለብን ያወቅነው ሕጋዊ ለመሆን ስንሄድ ነው።

ለእኔ ድርጅቱ ያደገው አንድ ፎቶ የተላከልን ቀን ነው። ያኔ ላገኘሁት ሰው ሁሉ ሳሳየው ከርሜያለሁ። ሄደን በማናውቅበት ቦታ፣ አንዳችንም ሳንኖር፣ ስማቸውን የማናውቃቸው ልጆች ተጠራርተው ተክለዋል። ፎቶው ላይ ችግኝ አቅፎ የሚስቅ ሰው የለም። መሬት ላይ የተዘረጋ ጆንያ ነው ያለው። ጆንያው ላይ ችግኞቹ የመጡባቸው ጥቁር የፕላስቲክ ቱቦዎች፣ ጭቃቸው ሳይራገፍ፣ በአሥር በአሥር ተደርድረዋል። ከሥሩ «ቱቦውን ከተተከለው ጋር አመሳክረን ቆጥረናል፣ አንድም መሬት ውስጥ አልቀረም» ይላል።

ችግኝ ተክሎ ለማያውቅ ሰው ይሄ ምንም ላይመስለው ይችላል። ቱቦው ሳይቀደድ ከተተከለ ሥሩ መውጫ ያጣል። እዚያው ውስጥ ዞሮ ዞሮ ይጠማዘዛል። ላዩ ዝናብ እስካለ ድረስ ለምለም ሆኖ ይቆይና በጋው ሲጠና ይደርቃል። ሰው በበዛበትና ጥድፊያ ባለበት ቀን ደግሞ በቀላሉ የሚዘነጋው ይሄው ነው። እኛ «ቱቦውን ቅደዱ! ቱቦውን ቅደዱ!» እያልን ስንጮህ ነው የኖርነው። ሰብስቦ መቁጠር ለአንዳችንም አልመጣልንም። ለእነሱ መጣላቸው። ያን ሌሊት ከደስታ ብዛት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከዚያ ወዲህ ያለውን እድገት ግን እንዲህ በሙሉ ልብ ማውራት ይከብደኛል። ፕሮፖዛል መጻፍ ለመድን፣ ሪፖርት መጻፍ ለመድን። የሚላክልን ቅጽ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስንት እንደተተከለ ነው። ስንት እንደጸደቀ የሚጠይቀው፣ ካለም፣ መጨረሻው ገጽ ላይ ነው፤ ፕሮጀክቱ ደግሞ ክረምቱ እንደወጣ ይዘጋል። ችግኝ የሚፈተነው በበጋ ነው! ክረምት ላይማ ሁሉም ያምርበታል።

ዋንጋሪ ማታይ በ1977 (ቀኖቹንና ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ሴቶች ዛፍ የሚተክሉበትን የአረንጓዴ ቀበቶ ንቅናቄን ኬንያ ውስጥ ስትጀምር፣ ለሴቶቹ ጥቂት ገንዘብ ይሰጣቸው የነበረው ለተከሉት ሳይሆን ለጸደቀላቸው ችግኝ ነበር። ይህን ካነበብኩ ጀምሮ ከሐሳቤ አይወጣም። ለመትከል አንድ ጠዋት ይበቃል። ለጸደቀ የሚከፈላት ሴት ግን ውሃ ታጠጣለች፣ ፍየል ታባርራለች፣ እሾህ ቆርጣ ታጥራለች፣ የደረቀውን ትተካለች። ዓለም በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት የሰጣት ለዚህ ዓይነቱ አድካሚ ሥራ ነው። እኛ ዘንድ ባለፈው ስብሰባ ስለ ቲሸርት ቀለም የተወራው ስለ ውሃ ከተወራው ይበልጣል። ቲሸርቱም አባል እንደሚያመጣ አውቃለሁ፤ ልጅ ሆኜ እኔንም ስቦኝ ነበር። ግን ያበሳጨኛል፤ ያበሳጨኛል ስል ከልቤ ነው።

ደንቡን ከፈትኩት፣ ያ ልጅ «እዚያ እይው» ካለ በኋላ። የመሥራቾች ስም የለበትም። ዓይኔ ያረፈው የአባላት ዕድሜ ላይ ነው። ከ29 ዓመት አይበልጥም ይላል። ከጎኑ ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ የቀረበው ማሻሻያ አለ፤ «35» ተብሎ ይስተካከል የሚል። ማን እንዳቀረበው አላውቅም። እኔ ድንበሩ ላይ ነኝ። ማሻሻያው ካለፈ እቆያለሁ፣ ካላለፈ እሰናበታለሁ።

ወጣት ማለት እስከ ስንት ነው? የተባበሩት መንግሥታት ለስታቲስቲክሱ ከ15 እስከ 24 ይላል። በ2006 የጸደቀው የአፍሪካ የወጣቶች ቻርተር ከ15 እስከ 35። በአንዱ ሰነድ ጎልማሳ ከሆንኩ ቆይቻለሁ፣ በሌላው ገና ነኝ። ሁለቱም ግን የእኛን ጥያቄ አይመልሱም። በወጣቶች የሚመራ ድርጅት ሲያድግ፣ አብረውት ያደጉት ሰዎች ወዴት ይሂዱ?

ግሬታ ቱንበርግን አሰብኩ። በነሐሴ 2018 በ15 ዓመቷ፣ ስለ አየር ንብረት ለውጥ ለመጮህ ከትምህርት ቤት ቀርታ፣ ብቻዋን የስዊድን ፓርላማ ደጃፍ ላይ ተቀመጠች። ዓመት ሳይሞላ፣ መጋቢት 2019 ላይ፣ ከሚሊዮን በላይ ወጣት ከመቶ በላይ በሆኑ አገሮች በአንድ ቀን አደባባይ ወጣ። ቢሮ የለ፣ ማኅተም የለ፣ ቃለ ጉባኤ የለ። በ2023 ሁለተኛ ደረጃን ስትጨርስ ታዲያ ከእንግዲህ የትምህርት ቤት አድማ ማድረግ እንደማትችል ተናገረች፤ የምትቀርበት ትምህርት ቤት የላትማ። ዓርብ ዓርብ መውጣቷን እንደምትቀጥል ግን አብራ ተናግራለች። ይሄን ዜና ያኔ ሳነበው እንደ ቀላል ነገር አልፌው ነበር። ዛሬ ማታ ግን ከሁሉ በላይ የሚያስቀናኝ ይሄ ነው። የተማሪነቱን ስም ለተማሪዎቹ ትታ ሥራውን ይዛ ሄደች።

የፓሲፊክ ደሴቶቹ ልጆች ደግሞ ሌላ መንገድ ነው የሄዱት። በ2019 ሃያ ሰባት የሕግ ተማሪዎች፣ የሳውዝ ፓሲፊክ ዩኒቨርሲቲ ልጆች፣ የአየር ንብረት ለውጥን ጉዳይ ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ፊት እናድርሰው ብለው ተነሱ። ለየመንግሥታቱ ጻፉ፤ ቫኑዋቱ ሐሳባቸውን ተቀብላ ይዛ ዞረች። መጋቢት 2023 ላይ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ፍርድ ቤቱ አስተያየት ይስጥበት የሚለውን ጥያቄ ያለ ተቃውሞ አጸደቀው። ሐምሌ 23 ቀን 2025 ዘ ሄግ ላይ ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ አስተያየታቸውን ሰጡ። መንግሥታት የአየር ንብረቱን ሥርዓት ከጉዳት የመጠበቅ ሕጋዊ ግዴታ አለባቸው፣ ግዴታቸውን ከጣሱም ተጠያቂ ናቸው። ስድስት ዓመት መሆኑ ነው። አንድ ተማሪ ዲግሪውን ይዞ ከሚወጣበት ጊዜ ይበልጣል። ስለዚህ ያን ሐሳብ ክፍል ውስጥ ያነሱት ልጆች ፍርድ ቤቱ ሲናገር ተማሪ አልነበሩም። ሥራው ግን አልተቋረጠም። እኛ ዘንድ ይሄ ቢሆን ኖሮ በሁለተኛው ዓመት ደብዳቤው የት እንደተቀመጠ የሚያውቅ ሰው ይጠፋ ነበር።

እሱን ነው የምፈራው። ስሜ መረሳቱን አይደለም፤ እሱን ዛሬ ማታ በደንብ አስቤበት ለቅቄዋለሁ ማለት እችላለሁ። የምፈራው አብሮን የሚሄደውን ነገር ነው። አመራር በተቀየረ ቁጥር የምንረካከበው አንድ ፍላሽና ማኅተም ነው። ባንክ ሄዶ ፈራሚ ለመቀየር ቃለ ጉባኤ ያስፈልጋል፤ እሱን እናሟላለን። የትኛው ችግኝ ጣቢያ ሀገር በቀል ዘር እንደሚያፈላ፣ የትኛው ጥበቃ ስልክ እንደሚያነሳ፣ የትኛው ተዳፋት ላይ ሦስት ጊዜ ተተክሎ ሦስቴም እንደደረቀና ለምን እንደደረቀ፣ ከመሬቱ ባለቤቶች ጋር በቃል ምን እንደተባባልን ግን የትኛውም ፋይል ውስጥ የለም። ሰ. ጭንቅላት ውስጥ ነው ያለው። ሰ. ግን ሥራ ይዛለች፣ ልጅ ይዛለች፣ ስልኳን የምታነሳው ማታ ነው። ስለዚህ አዲሶቹ ልጆች ያንኑ ተዳፋት አራተኛ ጊዜ ይቆፍሩታል። በሙሉ ጉልበት፣ በሙሉ ፍቅር። ከዚህ የሚያሳዝን ነገር ምን አለ?

ለዚህ ነው 35 የሚለውን ያቀረበው ሰው ማን ይሁን ማን ልወቅሰው የማልችለው። ምናልባት ልክ እንደ እኔ የሚታወቀው ነገር አብሮት እንዳይሄድ ፈርቶ ነው። ግን ደግሞ ያን ፎቶ አስባለሁ። እኛ እዚያ ብንኖር ኖሮ ቱቦውን የመቁጠር ሐሳብ ይመጣላቸው ነበር? ወይስ ቆመው የእኛን ጩኸት ያዳምጡ ነበር? ትልልቆቹ ባሉበት ስብሰባ ላይ አዲስ አባል እጁን ሲያወጣ መጀመሪያ ወደ ማን እንደሚያይ አይቻለሁ። ወደ እኛ ነው የሚያየው። ይፈቀድልኝ እንደማለት ነው። 35 ካልነው ያ ልጅ ሌላ ስድስት ዓመት እንዲሁ እያየን ይናገራል።

የቺምፓንዚ ተመራማሪዋ ጄን ጉዶል በ1991 ዳር ኤስ ሰላም ቤቷ በረንዳ ላይ 12 ተማሪዎች ሰብስባ «ሩትስ ኤንድ ሹትስ» የተባለውን የወጣቶች የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም ስትጀምር ዕድሜዋ ከሃምሳ አልፎ ነበር። ወጣት ነኝ አላለችም፤ ወንበር አወጣች፣ ልጆቹ ስለሚያሳስባቸው ነገር ሲያወሩ ሰማች። ምን እንደሚሠራ የሚመርጡት ልጆቹ ነበሩ። በ2025፣ በ91 ዓመቷ እስክታርፍ ድረስም አልተለየቻቸውም። እንዲህም መቆየት ይቻላል ማለት ነው፤ ድምፅ ሳይኖርህ፣ ፈራሚ ሳትሆን፣ የሚጠይቅህ ሲኖር ብቻ እየመለስክ።

እኛ ግን በረንዳ የለንም። ደንባችን ላይ ወይ አባል ነህ ወይ አይደለህም። ከአባልነት የወጣ ሰው የሚያውቀውን ይዞ የሚቀመጥበት አንድም አንቀጽ የለም፤ ማሻሻያውም ስለዚህ ምንም አይልም፣ ቁጥሩን ብቻ ነው የሚቀይረው። እንዲህ ያለ አንቀጽ ረቂቅ ጽፌ ላስገባ ብዬ አሰብኩ። ያለፉት አባላት ድምፅ አይኖራቸውም፣ ግን በየበጋው የጸደቀውን ለመቁጠር አብረው ይወጣሉ፣ የሚያውቁትን ያጽፋሉ የሚል። ወዲያው ደግሞ ተጠራጠርኩ። እኔ የምጽፈው ከሆነ ይሄም ያው የትልልቆቹ ሐሳብ አይሆንም? ልጆቹ ራሳቸው ቢጠይቁን አይሻልም? ካልጠየቁንስ? እስኪጠይቁን ስንጠብቅ ስንት ክረምት ያልፋል?

እስካሁን አልወሰንኩም። ጉባኤው ደርሷል፣ ካርዴ አለኝ፣ ድምፅ አለኝ፣ ምናልባት ለመጨረሻ ጊዜ። ለ35 እጄን ካወጣሁ ለራሴ ዕድሜ እየመረጥኩ ነው ወይስ ለዚያ ተዳፋት? ሰ.ን ነገ ደውዬ እጠይቃታለሁ። እሷ 29ን ካለፈች ቆይታለች፤ ማንም ውጪ አላላትም፣ ማንም ቆዪ አላላትም። ግሩፑ ውስጥ እስከ ዛሬ የቆየችው ምን እየጠበቀች ይሆን?