ጥቁሩ ውሃ

ድንጋይ የታሰረበትን ገመድ ወደ ውሃው ለቀቅኩት። የጠበቅኩት 6 ሜትር ነበር። ገመዱ ግን ሦስተኛው ቋጠሮ ላይ ላላ። ቋጠሮዎቹ በየግማሽ ሜትሩ ናቸው፤ አንድ ሜትር ተኩል ማለት ነው። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ደግሜ ጣልኩት። ያው ነው። ስስበው ድንጋዩ ላይ ረጅም የውሃ ሣር ተጠምጥሞ ወጣ።

ያለነው ከደሴ ወደ ወልዲያ ሲኬድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው፣ የእስጢፋኖስ ገዳም ባለበት የወሎው ሐይቅ ላይ ነው። ሽንኩርት የሚያለሙ ገበሬዎች ገንዘብ አዋጥተው ትልቅ የውሃ ሞተር ሊተክሉ ነበር። የመምጠጫው ቧንቧ ጫፍ፣ በበጋ ውሃው ሲሸሽ እንኳ፣ ጥልቅ ቦታ ላይ መቀመጥ አለበት። ሣርና ጭቃ ከገባበት ሞተሩ ይታነቃል። ታዲያ ቧንቧው ከዳር ምን ያህል ይግባ? ይህን የምነግራቸው እኔ ነበርኩ። ቧንቧ በሜትር ነው የሚገዛው። ብሩ ከማን ኪስ እንደሚወጣም አውቃለሁ።

ጥልቀቱን ያሰላሁት በሴንቲኔል 2 ሳተላይት ምስል ነው። ምስሉ በነፃ ይገኛል። አንዷ ፒክስል፣ ማለትም የምስሉ ትንሿ ነጥብ፣ መሬት ላይ 10 ሜትር በ10 ሜትር ትሸፍናለች። ዘዴው የተፈጠረው ለባሕር ዳርቻ ነው፤ ጥርት ላለ ጥልቀት የሌለው ውሃ። የፀሐይ ብርሃን ውሃው ውስጥ ይገባል፣ ወለሉን ነክቶ ይመለሳል። ቀዩን ብርሃን ውሃው በጥቂት ሜትር ውስጥ ይውጠዋል። አረንጓዴው ይሻላል። ውሃው ንጹሕ ከሆነ ሰማያዊው ከሁሉም ጠልቆ ይሄዳል። ውሃው በጠለቀ ቁጥር የሚመለሰው ብርሃን ያንሳል፣ ምስሉም ይጠቁራል። ስለዚህ የተወሰኑ ቦታዎች በገመድ ይለካሉ። ልኩ ከምስሉ ድምቀት ጋር ይዛመዳል። የቀረውን ዳርቻ ኮምፒውተሩ ያሰላዋል። የሐይቁ መሀል ግን በዚህ መንገድ አይሞከርም። ከ80 ሜትር በላይ ይጠልቃል፤ እዚያ ወርዶ የሚመለስ ብርሃን የለም። እኛ የፈለግነው ዳሩን ነበር።

በጥር ወር ምስሉ በተነሣበት ሰሞን ሦስት ቀን ለካን። ጀልባውን የሚቀዝፉልኝ አንድ የዕድሜ ባለጸጋ ዓሣ አስጋሪ ነበሩ። 60 ቦታ ለካሁ፤ ሁሉንም በአሸዋማው በኩል። በሁለተኛው ቀን «ወደ ሣሩ አንሄድም ወይ?» ብለውኝ ነበር። ገመዱ ይጠላለፍብናል፣ ጊዜም የለም አልኳቸው። ይህን ንግግር እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ደሴ ተመልሼ 40ውን ነጥብ ለስሌቱ፣ 20ውን ለመፈተሻ አደረግኩ። ውጤቱ አስደሰተኝ። ስህተቱ ግማሽ ሜትር እንኳ አይሞላም። ካርታውን አወጣሁት። ገበሬዎቹ ሞተር ሊተክሉ ባሰቡበት ቦታ፣ ከዳር 40 ሜትር ገባ ብሎ፣ ድፍን ጥቁር ሰማያዊ ሆነ፤ 6 ሜትር። ቅርብም ጥልቅም። ደወልኩና ነገርኳቸው። በዚያው ቀን የቧንቧ ዋጋ መጠየቅ ጀመሩ።

ግዢው ሳይፈጸም ቦታው ላይ ምልክት ልናደርግ ተመለስን። ሽማግሌው ካርታውን አዩ፣ ውሃውን አዩ።

«እዚህ ነው ጥልቁ?»

«አዎ ጋሼ፣ 6 ሜትር ነው የሚለው።»

«ኧረ ልጄ! ይኼማ ሣሩ ነው። ቆሮሶ ዓሣ የሚውልበት። መቅዘፊያዬ እኮ ጭቃውን ይነካል።»

ገመዱን የጣልኩት ያኔ ነው።

ሣሩ ብርሃኑን ይውጠዋል። ከላይ ሲታይ አንድ ሜትር ተኩል ውሃ ውስጥ ያለ ሣርና 6 ሜትር ውሃ ሥር ያለ አሸዋ እኩል ይጠቁራሉ። የእኔ ስሌት የሚያውቀው አሸዋ ብቻ ነበር። ጥቁር ሲያይ ጥልቅ አለ። ፈተናው ለምን አላጋለጠኝም? የመፈተሻዎቹ 20 ነጥቦችም ከዚያው ከአሸዋው የመጡ ነበሩ። ተማሪን ባስጠናሁት ጥያቄ ፈትኜ ጎበዝ ነው እንደማለት ነው። በቁጥሩ ማማር ተማምኜ የሰው ገንዘብ ላስበላ ነበር።

ስልኩን ለማንሳት ከበደኝ። ግን ደወልኩ። ስህተቱ የኔ ነው፣ ቧንቧውን አትግዙ አልኩ። ሰብሳቢያቸው ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «አብሽር፣ ገና ብሩን አልከፈልንም» አሉኝ። ያቺ «አብሽር» እንዴት እንዳሳረፈችኝ!

እንደገና ጀመርን። የሣሩን ጠርዝ በጀልባ ዞረን በጂፒኤስ መዘገብን። ሣር ባለበት ገመዱን ትቼ በረጅም ዘንግ ለካሁ፤ ድንጋዩ ሣሩ ላይ ሊያርፍ ይችላልና። ነጭ ክብ ሰሌዳ በገመድ አውርጄ ከዓይኔ የሚጠፋበትን ጥልቀት በየቦታው ጻፍኩ። ይህ ጣሊያናዊው አንጄሎ ሴኪ በ1865 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የጀመረው የውሃ ጥራት መለኪያ ነው፤ እስካሁን የሚተካው ቀላል ነገር አላየሁም። ከአርዲቦ ሐይቅ የሚመጣው ወንዝ በሚገባበት በኩል ያለውን ደግሞ ከስሌቱ አወጣሁት። እዚያ ጭቃው ውሃውን ያደምቀዋል፤ ጥልቁም ጥልቀት የሌለው ይመስላል። የሣሩ ተገላቢጦሽ ነው። የውሃው ከፍታ ከወር ወር ስለሚለዋወጥም ዳር ላይ እንጨት ተክለን ምልክት አደረግንበት።

በአዲሱ ካርታ ሣሩ ያለበት ሁሉ ግራጫ ነው። «በሳተላይት አልተለካም» ብዬ ጻፍኩበት። አንድ ሰው አያምርም ብሎኝ ነበር። እኔ ግን ከዚያ ካርታ ላይ በጣም የምወደው ግራጫውን ነው። የቧንቧው ቦታ ወደ አሸዋማው በኩል ዞረ። ርዝመቱ መጀመሪያ ከነገርኳቸው እጥፍ ሆነ፣ ገበሬዎቹም እንደገና አዋጡ።

ማስታወሻ ደብተሬ ላይ አሁን ከጥልቀቱ በፊት አንድ ዓምድ አለ፤ «ወለል» ይላል። በመጨረሻው ቀን እኔ ገመዱን ሳልፈታ ሽማግሌው መቅዘፊያቸውን ውሃው ውስጥ ሰደድ እያደረጉ ይጠሩልኝ ነበር። «አሸዋ።» ትንሽ ቀዝፈው፣ «አሸዋ።» ቀጥለው፣ «ሣር ጀመረ፣ ጻፍ።»